ተያዥ ፍለጋ ዳባት ድረስ

የስሜንን ተራሮች፣ ዋልያውንና ጭላዳውን ላንብብ ብሎ የመጣ ሰው ይህን ጽሑፍ ቢዘለው አልቀየምም። ተራሮቹን ያየኋቸው ከሩቅ ነው፤ ያውም በሚኒባስ መስኮት፣ መስኮቱም ጭቃ ለብሶ ነበር። የሄድኩት ሰው ለመቅጠር ነው።

ልብስ በሚሰፋ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ፣ የሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው። ሥራሽ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው መቅጠር ነው እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሥራዬ ሰውን «ተያዥ አምጣ» እያልኩ መመለስ ነው። ፈተና ማለፍ ብቻውን አይበቃም። ደሞዝተኛ የሆነ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ መጥቶ «እሷ ብታጠፋ እኔ አለሁ» ብሎ ካልፈረመ ንብረት የሚነካ ሥራ አንሰጥም። ስንት ጎበዝ ልጅ ከበሬ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተመልሷል።

ከዳባት ከተማ ወጣ ብሎ ኤርትራውያን ስደተኞች የሚኖሩበት መጠለያ አለ። መንግሥት፣ አንድ የውጭ እርዳታ ድርጅትና የእኛ ኩባንያ ተስማምተው ከተማው ውስጥ የስፌት ሼድ ሊከፍቱ ነበር። መንግሥት ቦታውንና ሼዱን ይሰጣል፣ እርዳታ ድርጅቱ ማሽኖቹን ይገዛል፣ እኛ ሥራውንና ደሞዙን እናመጣለን። ሠራተኛው ግማሹ ከከተማው፣ ግማሹ ከመጠለያው ነው። ከመጠለያው የተቀጠረ ሰው ውሉን አሳይቶ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ መኖር ይፈቀድለታል። ይህንን «የመንግሥትና የግል አጋርነት» ይሉታል፤ ስብሰባ ላይ ሲነገር ጆሮ ይሞላል።

በምነሳበት ዋዜማ፣ እኔው ያሠለጠንኳት ልጅ ፋይል ስታጣራ ቆይታ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። የእኔ ተያዥ ታላቅ ወንድሜ ነበር። ስቀጠር የፈረመልኝ እሱ ነው፤ ክረምት ላይ አረፈ። «ይቅርታ እትዬ ስንዱ፣ ደንብ ስለሆነ ነው። ከመስክ ሲመለሱ አዲስ ተያዥ ያመጣሉ» አለችኝና ባዶውን ቅጽ ሰጠችኝ። እሺ ብዬ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ወንድሜን ቀብሬ ስመለስ ያላለቀስኩትን ያን ዕለት ታክሲ ውስጥ አለቀስኩት።

የመጀመሪያው ቀን

ጠዋት በአውሮፕላን ጎንደር ገባሁ፤ ከመናኸሪያው ደግሞ ወደ ደባርቅ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። ዳባት ላይ አልጋ የሚባል ነገር የለም፣ የእርዳታ ሠራተኞች ይዘውታል ስለተባልኩ ዳባትን አልፌ ደባርቅ ማደር ነበረብኝ። አዲስ አበባ ሚኒባስ ውስጥ ጎንህ የተቀመጠ ሰው ቢሞት እንኳ ወራጅ እስኪል ድረስ አታውቅም። እዚህ ግን ገና ከከተማው ሳንወጣ ከወዴት እንደመጣሁ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ባል እንዳለኝና እንደሌለኝ ታወቀ። የለኝም ስል ከኋላ አንዲት ሴት «እሰይ፣ ተገላገልሽ» አለች፤ ሁሉም ሳቀ።

አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ራሱ ቀዳዳ ስለነበር ሾፌሩ በሌላ መኪና ሄዶ እስኪያስጠግን ድረስ መንገድ ዳር ቀረን። ንፋሱ ከገብሱ ማሳ ላይ እየተነሳ ቀጥ ብሎ አጥንት ውስጥ ይገባል። እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁት በስስ ሹራብ ነው፤ ብርድ አውቃለሁ ብዬ። ያቺ «ተገላገልሽ» ያለችኝ ሴት ጋቢዋን ለሁለት ዘረጋችና ግማሹን እኔ ላይ ጣለችው። ሰው እንዲህ ተጠግቶኝ ከተቀመጠ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። ዳባት ስትደርስ ጋቢዋን ሰብስባ ወረደች፤ ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ደባርቅ ያደርኩበት ሆቴል ተራራ ለሚወጡ ቱሪስቶች የተሠራ ነው። ቱሪስቱ ከቀረ ቆይቷል። የምግብ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ነገር የለም፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለው ግን ሽሮ ብቻ ነበር። ሰፊ አዳራሽ፣ በየጠረጴዛው ዙሪያ የተደረደረ ወንበር፣ መሀል ላይ እኔ። ቤቴም ብቻዬን ነው የምበላው፤ ግን ቤቴ ያለው ወንበር አንድ ስለሆነ አይታወቀኝም። አስተናጋጁ እኔን ትቶ ወደ ውስጥ መግባት ከብዶት ነው መሰል፣ በልቼ እስክጨርስ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ብርድ ልብሱን ደርቤ ደራርቤ ተኛሁ።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት ወደ ዳባት ተመለስኩ። ሼዱ አዲስ ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ይንጣጣል። የስፌት ፈተናው ቶሎ አለቀ። ሰፊዎቹ ተያዥ አያስፈልጋቸውም፣ ለማሽኖቹ እርዳታ ድርጅቱ ኃላፊነት ወስዷል። ጨርቁ ግን የእኛ ነው። የጨርቁን መጋዘን ቁልፍ የሚይዝ ሰው ተያዥ ሊኖረው ይገባል። በስምምነቱ መሠረት ያ ቦታ ለመጠለያው ሰው የተተወ ነበር፤ ፈተናውን ያለፈችው ደግሞ አብረኸት የምትባል፣ ሠላሳዎቹን የጀመረች ቀጠን ያለች ሴት ናት። አገሯ እያለች የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ትይዝ ነበር። አማርኛዋ በትግርኛ ዜማ የተቃኘ ነው፤ ረጋ ብላ ስለምታወራ ግን ከእኔ ይልቅ የእሷ ይሰማል።

አፌ ስለለመደ «ተያዥ አለሽ?» አልኳት።

«ምን ዓይነት?»

«ደሞዝተኛ። የሚያውቅሽ፣ የሚፈርምልሽ።»

«የሚያውቁኝ ሰዎች ሁሉ ያሉት ድንኳን ውስጥ ነው» አለችኝ። «ደሞዝ ያለው የለም።»

ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት አግኝታለች፤ ከገበያው ጀርባ፣ በሩ ሰማያዊ ነው። አከራይዋ ውሉን ካሳየሽኝ ቁልፉን ውሰጂ ብላታለች። የምታስበው ለእናቷ ነው። አደይ ለተብርሃን የቆላ ሰው ናቸው፤ የዳባት ብርድ ደረታቸው ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሏል፣ ሐኪሙም ከድንኳን ያውጧቸው ብሏል። ይህን ስትነግረኝ አልለመነችኝም። ብትለምነኝ ይቀለኝ ነበር፤ የሚለምን ሰው መመለስ ለምጃለሁ።

«ዓርብ ነው የምሄደው» አልኳት። «እስከዚያ ካልተገኘ ቦታው ለተጠባባቂው ይሄዳል። እኔ የደነገግኩት አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች።

ሦስተኛው ቀን

ይሄንን ሳይፈቱ የፈረሙት ሦስቱ ናቸውና ሦስቱንም አዳረስኳቸው። ወረዳው ግቢ ያገኘሁት ሰውዬ ትሑት ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። «እኛ ቦታ ሰጥተናል፣ መብራት አስገብተናል። ለግለሰብ ዋስ መሆን ግን አሠራራችን አይፈቅድም» አለኝ። የእርዳታ ድርጅቱ አስተባባሪ ደግሞ «ለማሽን እንጂ ለሰው ዋስትና የሚባል ነገር የለንም» አለችኝ። ወደ አዲስ አበባ ደወልኩ። ሥራ አስኪያጃችን «ስንዱ፣ አንቺ ደግሞ ደንቡን አጥተሽው ነው?» አለኝ። ልክ ነው፣ አላጣሁትም። ሦስት ማኅተም ያረፈበት ስምምነት ውስጥ ሼድ አለ፣ ማሽን አለ፣ ጨርቅ አለ። ለአንዲት ሴት አለሁ የሚል ግን ከሦስቱ አንድም አልተገኘም። ራሴ ልፈርም እንዳልል የኩባንያው ሠራተኛ ለኩባንያው ሠራተኛ ተያዥ አይሆንም። ያን አንቀጽ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ አሁንም ትክክል ይመስለኛል፤ ትክክል መሆኑ ነው ያናደደኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ደባርቅ ልመለስ ስል መንገድ ተዘግቷል ተባለ። ለምን፣ እስከ መቼ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እዚያ አገር ይህን ጥያቄ ሰዉ ትቶታል። ሻንጣዬ ደባርቅ፣ እኔ ዳባት። ሼዱ በር ላይ ቆሜ ስልኬን ዝም ብዬ ሳገላብጥ፣ ለትምህርት ቤቷ የደንብ ልብስ ልታዝ የመጣች አንዲት መምህርት አየችኝ። መምህርት እንጉዳይ ትባላለች፤ በእኔ ዕድሜ የምትሆን፣ ፈርጠም ያለች ሴት ናት።

«ማደሪያ አለዎት?»

«አላጣም።»

«አጥተዋል እንጂ። ይምጡ።»

ቤቷ ሁለት ክፍል ነው። ባሏ የሚሠራው በየዳ ወረዳ ነው፣ በወር አንዴ ይመጣል። እግሬን እንድታጠብ ሙቅ ውሃ አቀረበችልኝ፤ እኔ ራሴ እታጠባለሁ ብል አልሰማ ብላ ጎንበስ አለችና አጠበችኝ። ወዴት እንደምመለከት ጠፋኝ። የባሏን ካልሲ አለበሰችኝ፤ ወዲያውም እርስዎ ማለቱን ትታ አንቺ አለችኝ። አተር ክክ በእንጀራ በላን። ብይ ብይ ማለቷ አያልቅም፤ እኔ ቤት እንግዳ ቢመጣ ብይ ማለቱን ረስቼው ሳህኑን የማነሳበት ይመስለኛል።

የአብረኸትን ነገር አወራኋት። እውነቱን ልናገር፣ ያወራኋት ታዝንና ትፈርማለች ብዬ ነው። ገብቷታል።

«አብረኸትን ሳላውቃት ቀርቼ አይደለም» አለች። «እናቷ የማኅበራችን ሰው ናት። ግን ቃሌ ተይዟል። የእህቴ ልጅ ጎንደር ተመርቃ ባንክ ፈተና አልፋለች፤ ተያዥዋ እኔ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን ለአንድ ሰው ብቻ ነው ደብዳቤ የሚጽፈው። እህቴን ምን ልበላት?»

እንዲህ በያት ለማለት ማን ነኝና።

አራተኛው ቀን

መንገዱ አልተከፈተም። ቀኑ ሃያ አንድ፣ ማርያም ነው። እንጉዳይ ነጠላ አዋሰችኝና የጽዋ ማኅበራቸው ወደሚጠጣበት ቤት ይዛኝ ሄደች። እናቴ በሕይወት ሳለች እንዲህ ያለ ማኅበር ነበራት፤ እኔ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ የጋራ ነገሬ የደረጃው መብራት ብቻ ነው።

ለማያውቅ ልንገረው። ማኅበሩ በየወሩ ተራ በተራ በየአባሉ ቤት ይውላል። ዳቦና ጠላ ይቀርባል፣ ቄሱ ይባርካሉ፣ ሲያበቃ የሚቀጥለው ወር ተረኛ በጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ተቀብላ ወደ ቤቷ ትወስዳለች። በሚቀጥለው ወር ሁሉም የሚሰበሰበው እሷ ቤት ነው።

የሴቶቹ ብዛት ቤቱን አሙቆታል። ጥግ ላይ አደይ ለተብርሃን በሁለት ነጠላ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፣ አብረኸት አጠገባቸው ናት። ሳል ሲይዛቸው አፋቸውን በነጠላው ጫፍ ይይዛሉ። ገና ስደርስ አብረኸት ብድግ ብላ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። በሚቀጥለው ቀን እንጀራዋን ይዤ ልሄድ የምችል ሰው ነኝ፤ እሷ ወንበር ትለቅልኛለች።

ቄሱ ጸሎቱን ጨርሰው «ተረኛዋ ማን ናት?» አሉ።

አደይ ለተብርሃን ብድግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ከሴቶቹ አንዷ፣ በዕድሜ የገፉት፣ ቀስ ብለው «እናቴ፣ የዚህን ወር እኔ ልቀበልልሽ። ቤት ስታገኙ ያንቺ ይደርሳል» አሏቸው። አብረኸት በትግርኛ ተረጎመችላቸው። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በራሳቸው አማርኛ፣ ቃል በቃል እየለቀሙ፣ «ቤት አለ» አሉ። «በሩ ሰማያዊ ነው።»

የሁሉም ዓይን እኔ ላይ አረፈ። ተነስቼ ማስረዳት ነበረብኝ። ሰው ከዚህ በላይ የሚያፍርበት ቦታ አለ ብዬ አላምንም፤ ማርያም ፊት፣ የሰው ነጠላ ለብሼ፣ ስለ ደንብ አወራሁ። ቤቱ በውሉ ነው፣ ውሉ በተያዥ ነው፣ ነገ ዓርብ ነው አልኩ።

«ታዲያ ይሄ ያስጨንቃል?» አሉ ቄሱ። «እኔ እፈርምላታለሁ።»

«አባ፣ የደሞዝ ደብዳቤ ያስፈልጋል።»

«የእኔን ደሞዝ የሚከፍል ደብዳቤ አይጽፍም፣ ልጄ።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ከዚያ አንዷ እኔ አለች፣ ሌላዋም እኔ አለች። ጠላ ሻጯ እኔ አለች፣ ገበሬዋ በሬዬን ላስይዝ አለች፣ ቅድም ጽዋውን ልቀበል ያሉት አሮጊት ቤቴን አሉ። ለእያንዳንዷ አይሆንም እላለሁ። ለዓመታት ሰው ተያዥ አጣሁ እያለ ሲመለስ አይቻለሁ። ቤት ሙሉ ተያዥ ተነስቶ አንዱም አይሆንም ስል ግን ያ የመጀመሪያዬ ነው። ድምፄ እየቀነሰ መጣ።

ከመሀላቸው ደሞዝተኛዋ አንድ ብቻ ናት። ማንም አላያትም፤ ላለማየት ሲሉ ሁሉም መሬት መሬት ያዩ ነበር። እንጉዳይ ዳቦዋን ትቆርስ የነበረበትን እጇን አራገፈች።

«አባ፣ ጽዋውን ይስጧቸው» አለች። «ማርያምን ተቀብለው ድንኳን አይገቡም። እኔ እፈርማለሁ።»

አብረኸት ለእናቷ አልተረጎመችላቸውም። አሮጊቷ ግን ጽዋውን ታቅፈው ተቀመጡ፤ ከመጀመሪያውም የተጠራጠሩ አይመስሉም ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ እንጉዳይ ለእህቷ ደወለች። አጥሩ ጋ ቆማ ነበር ያወራችው፤ ቃሉ አይሰማኝም፣ የእህቷ ጩኸት ግን ከስልኩ አልፎ ይሰማል። ስትገባ ፊቷ ገርጥቷል። «ዘጋችብኝ» አለች። «ልጅቷ ዕድሏ ካመለጣት አትምረኝም። ትክክል ናት።» ከዚያ አጎንብሳ እሳቱን ቆሰቆሰች።

አምስተኛው ቀን

መንገድ ተከፈተ። ጠዋት ደብዳቤው ተጻፈ፣ እንጉዳይ ፈረመች፣ አብረኸትም ፈረመች። ፊርማዋ ከመስመሩ ወረደ፤ ምንም አይደል አልኳት። ሰማያዊውን በር ልታሳየኝ ወሰደችኝ። አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፣ ወለሉ በአዲስ እበት ተለቅልቋል። አደይ ለተብርሃን ከእኛ ቀድመው ገብተው ጽዋውን ግድግዳው ላይ ካለችው መደርደሪያ አስቀምጠዋል፤ ሌላ ዕቃ ገና አልገባም።

መናኸሪያ ድረስ እንጉዳይ ሸኘችኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ «የአንቺስ ተያዥ ማነው?» አለችኝ፣ እንዲያው ለወሬ።

«ወንድሜ ነበር» አልኳት። ነበር ማለቴን ሰማች።

«ታዲያ አሁን?»

«ፈልጊ ብለውኛል።»

«አንድ ብቻ ነው የሚፈቅዱት እንጂ፣ ላንቺም እፈርምልሽ ነበር» አለች። በመስኮቱ እጄን ያዘችኝ። መኪናው ሲነሳ ወደ ተራሮቹ ዞሬ ተቀመጥኩ፤ ጎኔ ያለው ሰው እንዳያየኝ። ተራሮቹን ያየኋቸው ያኔ ነው። ሻንጣዬን ደባርቅ ረስቼ እንደመጣሁ ትዝ ያለኝ ጎንደር ስንገባ ነበር፤ ኋላ ያ የሆቴሉ አስተናጋጅ በሰው ላከልኝ።

ከተመለስኩ በኋላ

ሥራ አስኪያጁ ጉዞው እንዴት ነበር አለኝ፤ ተሳክቷል አልኩት። በሪፖርቱ ላይ «በሦስቱ አጋሮች ቅንጅት» ተብሎ ተጻፈ። አስተካክዬ ልመልሰው ፈልጌ፣ የእንጉዳይን ስም ምን ብዬ የት እንደማስገባ አጣሁና ተውኩት።

በሚቀጥለው ወር ሃያ አንድ፣ ስልኬ ጠራ። አብረኸት ናት። «ይስሙ፣ እትዬ ስንዱ» ብላ ስልኩን ወደ ቤቱ ውስጥ ዘረጋችው። የቄሱ ምርቃት፣ የሴቶቹ አሜን፣ መሀል ላይ የአሮጊቷ ሳል፤ ሳሉ ቀለል ብሏል። እንጉዳይ ስልኩን ተቀበለቻት። የእህቷ ልጅ በሌላ ሰው ዋስነት ባንክ ገብታለች፤ እህቷ ግን ዛሬም አታነሳላትም። «ያንቺን ዳቦ ቆርሰን አስቀምጠንልሻል» አለችኝ።

«እኔ እዚህ ሆኜ? ለሌላ ሰው ስጡት።»

«ያንቺ ነው። ይደርቃል እንጂ ሰው አይበላውም።»

ስልኩ ሲዘጋ ቤቴ ከወትሮው የባሰ ጸጥ አለ። ቅጹ እንደታጠፈ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስልኬ ውስጥ ያሉትን ስሞች ከላይ እስከ ታች ስንቴ አይቻቸዋለሁ፤ አብዛኞቹ የቀጠርኳቸውና የመለስኳቸው ናቸው። ተነሳሁ። ቅጹን አልያዝኩትም። ከታች ካለው ሱቅ ዳቦ ገዝቼ ወደ ፎቁ ተመለስኩና ከእኔ ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኳሁ። ከውስጥ የቴሌቪዥን ድምፅ ተቀነሰ።

«ማነው?» አለች አንዲት ሴት።

«ጎረቤት ነኝ።»

«የትኛዋ ጎረቤት?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚያ በር ፊት ለፊት ኖሬ፣ ዳቦውን እንደያዝኩ፣ መልሱን ማሰብ ነበረብኝ።